ጻድቁ ዮሐንስ፦ ጎንደርን በሰፈር የከፈለው ፍርድ



ከፒያሳ ተነስቶ ለጁሙዓ ሶላት ወደ አዲስ ዓለም የሚወርድ ተማሪ ሁሉ መንገዱ ቁልቁል መሆኑን እግሩ ይነግረዋል። ግንቡ ከላይ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናቱ በየጉብታው ላይ ናቸው፤ ገበያው ዝቅ ይላል፤ ጥንታዊው የሙስሊሞች ሰፈር ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ ወደ ወንዙ ይጠጋል። አንደኛ ዓመት ሳለሁ አንድ የሰፈሩን አባት ለምን እዚህ ታች እንደሰፈሩ ጠይቄያቸው ነበር። መጀመሪያ ውሃው ቅርብ ስለሆነ ነው ብለው አሳለፉኝ። ጥቂት ቆይተው ግን ነገሩ ፍርድም እንደነበረበት ነገሩኝ። የውሃውን ነገር በዓይኔ አየሁት፤ የፍርዱን ነገር ግን ለማወቅ ቤተ መጻሕፍት መግባት ነበረብኝ።

የዚያ ፍርድ ባለቤት ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ናቸው። ከመቀሌው ከዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጋር እንዳይምታቱብን አደራ፤ በሁለቱ መካከል ሁለት መቶ ዓመት አለ። እኚህኛው በጎንደር ነግሠው በጎንደር አካባቢ ያረፉ፣ የዐፄ ፋሲል ልጅ፣ የታላቁ ኢያሱ አባት ናቸው። የዙፋን ስማቸው አእላፍ ሰገድ ነበር፤ በሕዝቡ ዘንድ ግን እስከ ዛሬ የሚታወቁት ጻድቁ ዮሐንስ በሚለው ነው። (የጎንደርን ዘመን ዓመታት የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ስደርስ ወደ ራሳችን አቆጣጠር እመለሳለሁ።)

ዮሐንስ የተወለዱት በ1640 ገደማ ነው። ያን ጊዜ አገሪቱ ከአንድ ትልቅ ቁስል ገና አላገገመችም ነበር። አያታቸው ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው ሕዝቡም እንዲከተላቸው አዘዙ፤ ገበሬውና መነኩሴው አመፀ። በ1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት በሺዎች የሚቆጠር ሰው ረገፈ። የገዛ ወገናቸውን ሬሳ ያዩት ንጉሥ ልባቸው ተሰብሮ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁና መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲል የኢየሱሳውያንን መነኮሳት ከአገር አስወጡ፤ በ1636 ደግሞ መናገሻቸውን በጎንደር ተከሉ። ልጃቸው ዮሐንስ ያደጉት በዚህ አዲስ ከተማ፣ ግንቡ ገና ኖራ ኖራ በሚሸትበት ጊዜ ነው። ከአያታቸው ታሪክ የቀረላቸው ትምህርት አንድ ነበር ማለት ይቻላል፦ ሃይማኖት ሲደባለቅ መንግሥት ይፈርሳል የሚል ፍርሃት።

እዚህ ላይ ስለ ዐፄ ፋሲል ጥቂት ልበል፤ ያለ አባቱ ልጁን መረዳት አይቻልምና። ፋሲል ካቶሊኮችን የፈሩትን ያህል ሙስሊሞችን አልፈሩም። እንዲያውም የቀይ ባሕርን በር የሚጠብቁላቸው ሙስሊሞች ነበሩ። በምፅዋና በሱዋኪን ከነበሩት የቱርክ ፓሻዎች ጋር ተዋውለው፣ ወደ ሐበሻ ሊሻገር የሚሞክር የካቶሊክ ቄስ ሁሉ እዚያው እንዲገደል አድርገዋል። ለየመኑ ኢማምም መልእክተኛ ልከዋል። ኢማሙ ንጉሡ ወደ ኢስላም ያዘነበሉ መስሏቸው ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ የተባሉትን ዓሊም በ1648 ወደ ጎንደር ላኩ። አል-ሐይሚ ስንት በረሃ አቋርጠው ሲደርሱ ያገኙት ሌላ ነገር ነው፤ ንጉሡ የፈለጉት ወዳጅነትና በበይሉል ወደብ በኩል የሚሄድ የንግድ መንገድ እንጂ ሃይማኖት መለወጥ አልነበረም። ዓሊሙ ቅሬታቸውን ይዘው ተመለሱና ጉዟቸውን በመጽሐፍ ጻፉት። ትንሹ ዮሐንስ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ያህል ነበሩ።

ከዚህም የሚበልጠው የዴልሂው ጉዞ ነው። በ1660ዎቹ መጀመሪያ ፋሲል ወደ ሕንዱ የሙጋል ንጉሥ ወደ አውረንግዜብ ሁለት መልእክተኞች ላኩ። አንዱ ኾጃ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ክርስቲያን ነጋዴ ሲሆን ሌላው ሙስሊም ነጋዴ ነበር። በዴልሂ ያገኛቸው ፈረንሳዊው ሐኪም በርኒየ እንደጻፈው፣ አውረንግዜብ በፖርቱጋሎች ጊዜ የፈረሰ አንድ መስጊድ በኢትዮጵያ እንዲታደስ ጠይቀው ለዚሁ ጉዳይ 2,000 ሩፒ ሰጥተዋቸዋል። መስጊዱ ከመካ መጥተው በሐበሻ ኢስላምን ላስፋፉ አንድ ሸይኽ መቃብር የተሠራ ነበር። እንግዲህ የሐበሻ ክርስቲያን ንጉሥ በዓለም ትልቁ የሙስሊም ቤተ መንግሥት ውስጥ በሙስሊም አንደበት ይናገሩ ነበር ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ፍርዱ ከተሰጠበት ጊዜ የሚለየው ጥቂት ዓመት ብቻ ነው።

ፋሲል በጥቅምት 1667 በአዘዞ አረፉ። ንግሥና ለማን ይሁን የሚለውን የወሰነው የመኳንንቱ ጉባኤ ሲሆን፣ በብላቴን ጌታ መልክአ ክርስቶስ ግፊት ምርጫው በዮሐንስ ላይ ወደቀ። ወንድሞቻቸው ወደ ወህኒ አምባ ተላኩ። ዛሬ እስር ቤትን ወህኒ ቤት የምንለው ከዚህ አምባ የተነሳ ነው፤ ፋሲል ዙፋን ሊሻሙ የሚችሉ መሳፍንትን የሚያስቀምጡበት ገደላማ ተራራ ነበር። አዲሱ ንጉሥ ዙፋኑን ያገኙት በጉባኤ ውሳኔ ነው፤ የወንድሞቻቸውን ነፃነት የወሰደውም ያው ጉባኤ ነው። በጎንደር ጉባኤና ችሎት፣ ሕግና ፖለቲካ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጡ ነበር።

ያ አዳራሽ እንዴት እንደሚሠራ ማወቁ ይጠቅማል፤ በተለይ የሕግ ተማሪዎች ትወዱታላችሁ። በጎንደር ቤተ መንግሥት ትልቅ ጉዳይ ሲቀርብ ወምበሮቹና አዛዦቹ በማዕረግ ተራ ይቆማሉ። ሐሳብ መስጠት የሚጀምረው ከሁሉ ዝቅተኛው ነው፤ ከዚያ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ የንጉሡ ቃል የመጨረሻው ነው፤ እሱም ቢሆን ቃለ ዐፄ በሚባለው ሹም አፍ ይነገራል። ታናሹ የታላቁን ሐሳብ ሰምቶ እንዳያጎበድድ ታስቦ የተሠራ ሥርዓት ይመስላል፤ ጥሩ ሥርዓት ነው። የሚጠቀሰው መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት ነበር። ይህ መጽሐፍ ራሱ በአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ፣ በሙስሊሞች መንግሥት ሥር ይኖር በነበረ ኢብኑል ዐሳል በሚባል የቅብጥ ሊቅ በዐረብኛ የተሰናዳ ሲሆን በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። ከንጉሡ ቃል በኋላ ግን ይግባኝ የለም። ሕጉን የሚያወጣውም፣ የሚተረጉመውም፣ የሚያስፈጽመውም አንድ ሰው ነው። ያን ሰው የሚሽረው ሞት ወይም ሌላ ንጉሥ ብቻ ነው።

ዮሐንስ በነገሡ በዓመቱ፣ በ1668፣ በጎንደር ጉባኤ ተጠራ። የተሰበሰቡት የቤተ ክህነትና የቤተ መንግሥት ሰዎች ነበሩ። ዜና መዋዕላቸው ውሳኔውን በአጭሩ አስፍሮታል፤ እኔም በራሴ ቃል ላስቀምጠው። ፍራንኮች፣ ማለትም ከፖርቱጋሎች የተወለዱና የካቶሊክን እምነት የያዙ ሰዎች፣ የአገሩን ሃይማኖት የተቀበሉት ይቀመጡ፤ ያልተቀበሉት ከአገር ይውጡ ተባለ። ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ጋር ተደባልቀው እንዳይኖሩ፣ ተለይተው የራሳቸውን መንደር እንዲመሠርቱ፣ ክርስቲያን አገልጋይ እንዳያሳድሩ ተፈረደ። ዜና መዋዕሉ ካይላ እያለ የሚጠራቸው ቤተ እስራኤሎችም እንደዚሁ ተለይተው እንዲኖሩ ታዘዘ። ሦስት ሕዝብ በአንድ ውሳኔ።

ንጉሡ ክፉ ሰው ስለነበሩ ነው ብዬ አላምንም። ይህን የምለው ለማለሳለስ አይደለም፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። በዘመናቸው የተጻፈው ሁሉ የሚያሳየን ጸሎተኛ፣ መጽሐፍ ወዳድ፣ ስለ ነፍሳቸው የሚጨነቁ ሰው ነው። ጉባኤውን ያስጠራው ዋናው ፍርሃት የካቶሊኮች ነገር ይመስለኛል፤ የአያታቸው ዘመን ገና በሰው ልብ ውስጥ ነበር። ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ ግን የወይና ደጋን ጦርነት አላስነሱም። ፍርሃቱ አንድ በር ላይ ጀምሮ ሌሎቹን በሮችም ዘጋ።

ደግሞ እውነት እንናገር ከተባለ፣ እንዲህ ያለ ፍርድ የጎንደር ብቻ አይደለም። በ1301 በካይሮ የመምሉክ መንግሥት ክርስቲያኖች ሰማያዊ፣ አይሁዶች ቢጫ ጥምጥም እንዲያስሩ አዞ ነበር። ሰውን በእምነቱ ለይቶ ምልክት ማድረግ በእኛም ወገን ተደርጓል። የራሳችንን ትተን የሌላውን ብቻ ብንቆጥር ፍትሕ አይሆንም፤ አላህ ለሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን አዞናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ጉባኤ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ615 ገደማ፣ በዚሁ አገር በሌላ ንጉሥ ፊት ሌላ ጉዳይ ቀርቦ ነበር። ታሪኩን ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ እናውቀዋለን። ከመካ የተሰደዱት የነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) ባልደረቦች በነጃሺ አገር ተጠጉ፤ ቁረይሾች ስጦታ ጭነው መልእክተኛ ላኩና ይሰጡን አሉ። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ስጦታውን ተቀብለው ንጉሡ ስደተኞቹን ሳይሰሙ እንዲያስረክቧቸው ይመክሩ ነበር። ነጃሺ ግን እምቢ አሉ፤ አስጠርተው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ) አናገሯቸው፤ መጽሐፋቸው ምን እንደሚል ጠየቁ፤ ከዚያ በኋላ ፈረዱ። ሁለቱም የሐበሻ ክርስቲያን ነገሥታት ናቸው፤ ሁለቱም አማካሪዎች ነበሯቸው፤ ሁለቱም በእምነት የማይመስላቸው ሕዝብ ደጃቸው ላይ ቆሟል። አንዱ ስለዚያ ሕዝብ ከመፍረዳቸው በፊት ራሱን አናገሩት። በ1668ቱ አዳራሽ ግን ከታናሽ ጀምሮ እስከ ታላቅ ተራ በተራ ሐሳብ ይሰጥ የነበረው ያው አንድ ወገን ነው። የመጨረሻው ታናሽ ሹም እንኳ የመናገር ተራ ነበረው፤ ለዴልሂ የተላከው ነጋዴ ወገኖች ግን ተራ አልነበራቸውም።

ፍርዱ ወዲያው ተፈጻሚ ሆነ። በ1669 ንጉሡ ካቶሊኮቹን የሚያስወጣ ሹም አዘዙ፤ እምነታቸውን አንለውጥም ያሉት ወደ ሰናር ተሰደዱ። ሰናር የፉንጅ ሱልጣኖች መቀመጫ ነበረች። በክርስቲያን አገር ቦታ ያጡት ክርስቲያኖች የተጠጉት ሙስሊም ሱልጣን ዘንድ ነው።

የሙስሊሞቹ ጉዳይ ግን እንደዚያ ቀላል አልነበረም። ይህን የምናውቀው በ1678 ያው ትእዛዝ እንደገና ስለታወጀ ነው። አንድ አዋጅ በአሥር ዓመቱ የሚደገመው ስላልተፈጸመ ነው። ፍርዱ ከወጣ በኋላም ጎንደሮች አብረው መኖራቸውን አላቆሙም ማለት ነው። ለነገሩ እንዴት ያቆማሉ? ጥጡን የሚፈትለው አንዱ፣ ሸማውን የሚሠራው ሌላው ነው። ቅቤውን የሚያመጣው ገበሬ አሞሌውን የሚያገኘው ከነጋዴው ነው። ከተማ የሚሠራው በመደባለቅ ነው፤ ፋሲልም ከተማውን ሲቆረቁሩ ይህን ሳያውቁ አልቀሩም። ልጃቸው የአባታቸውን ከተማ በመለየት ሊያጸዱት ሞከሩ፤ ከተማውም አሥር ዓመት ሙሉ አንገራገረ።

ከፍርዱ ውጭ የዮሐንስ ሕይወት ምን ይመስል ነበር? በፋሲል ግቢ ውስጥ የገባችሁ ሁለት ትናንሽ ግንቦች አይታችኋል፤ አንደኛው ቤተ መጻሕፍታቸው፣ ሁለተኛው የጽሕፈት ቤታቸው ነው። ለጦርና ለግብር አዳራሽ ሳይሆን ለመጽሐፍና ለጽሕፈት ግንብ የሠራ ንጉሥ ብዙ አይገኝም፤ እኔ በበኩሌ ይህን ሳይ አከብራቸዋለሁ። የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያንም ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ያው አርመናዊ ኾጃ ሙራድ በእሳቸውም ዘመን ሲያገለግል ኖሯል፤ ባሕር ተሻግሮ እስከ ባታቪያ፣ የዛሬዋ ጃካርታ፣ ድረስ ሄዶ ለሆላንዶች የሜዳ አህያ ስጦታ አድርሷል። በ1679 ደግሞ ስማቸው እንደ ንጉሡ ዮሐንስ የሆነ አንድ አርመናዊ ጳጳስ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስን አጽም ይዘው ሲመጡ በክብር ተቀብለዋቸዋል። እንግዳ የሚጠሉ ሰው አልነበሩም ማለት ነው፤ እንግዳው የማን ወገን እንደሆነ ግን አጥብቀው ይመረምሩ ነበር።

የሚገርመው ግን እረፍት የነሳቸው ሙስሊሙም ካቶሊኩም አለመሆኑ ነው። ዕድሜያቸውን የበላው በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቅባቶችና በተዋሕዶዎች መካከል የነበረው ክርክር ነው። አንዱ ወገን በጎጃም መነኮሳት፣ ሌላው በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ይደገፍ ነበር። ንጉሡ ደጋግመው ጉባኤ ጠሩ፤ አንዱን ወገን ሲያስደስቱ ሌላው ይቀየም ነበር። ውጭ ያለውን ለይቶ ማስወጣት ይቻላል፤ ውስጥ ያለው ልዩነት ግን በሰፈር አይከፈልም። ነገሩ ሳይቋጭ ለልጃቸው ለኢያሱ ቀረ።

ዐፄ ዮሐንስ ለ15 ዓመት ያህል ነግሠው በሐምሌ 1682 አረፉ። የተቀበሩት በጠዳ ነው፤ ከአዘዞ አልፎ በባሕር ዳር መንገድ ላይ ያለችው ጠዳ። ሚኒባስ ላይ ተኝታችሁ የምታልፏት እሷ ናት።

ሰውየው ቢያርፉም ፍርዱ አላረፈም። ልጃቸው ኢያሱ በብዙ ነገር ከአባታቸው የተለዩ ንጉሥ ቢሆኑም በዚህ ነገር የአባታቸውን መስመር አላፈረሱም። በ1699 ጎንደር የገባው ፈረንሳዊ ሐኪም ፖንሴ ሙስሊሞች በከተማው ታችኛ ክፍል ለብቻቸው እንደሚኖሩ፣ ጀበርቲ እንደሚባሉ፣ ክርስቲያኑ እነሱ ያረዱትን ሥጋ እንደማይበላ፣ እነሱ በጠጡበት ዋንጫም ካህን ካልባረከው በቀር እንደማይጠጣ ጽፏል። ከሃያ ዓመት በፊት መደገም ያስፈለገው ትእዛዝ ልማድ ሆኖ ነበር። በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ሲደርስ ያረፈው በዚሁ የሙስሊሞች ሰፈር ነው። ሰዎቹ ብርቱና ሠራተኛ እንደሆኑ፣ የንጉሡን ድንኳን የሚተክሉትና የሚነቅሉት፣ የዘመቻውን ጓዝ በበቅሎ የሚጭኑት እነሱ እንደሆኑ፣ በየትኛውም ወገን ግን እንዲዋጉ እንደማይፈቀድላቸው መስክሯል። መንግሥቱ ያለ እነሱ ድንኳኑን አይተክልም፤ እነሱ ደግሞ በመንግሥቱ ጉዳይ ቃል የላቸውም።

ከመለየቱ ጋር የመጣው ትልቁ ጉዳት የመሬት ነው። ሙስሊሙ ርስት አልነበረውም። ርስት በሌለበት አገር ደግሞ ሰው ገበሬ ሳይሆን ጭሰኛ ነው። ስለዚህ አያቶቻችን እጃቸውን ወደ ሽመናና ወደ ንግድ አዞሩ። ወደ ምፅዋና ወደ ሱዳን የሚሄደው የቡና፣ የወርቅ፣ የዝባድ ንግድ በእጃቸው ገባ፤ የነጋዴዎቹ አለቃ ነጋድራሱም ብዙ ጊዜ ከእነሱ ይሾም ነበር። በታችኛው ሰፈር ቁርኣን ቤቶች ተከፈቱ፤ ዓሊሞች ወጡ። አንዳንዶች ይህን ሲያዩ መለየቱ ጠቅሞናል ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሰው በተዘጋበት ክፍል ውስጥ ጥሩ ቤት ቢሠራ ምስጋናው ለሠሪው እንጂ ለዘጊው አይደለም።

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ነገሩ ከፋ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1864 የጎንደር ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። በ1878 ደግሞ ያኛው ዮሐንስ፣ አራተኛው፣ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊሞች በሦስት ዓመት ውስጥ ክርስትናን እንዲቀበሉ አስወሰኑ፤ ከጎንደር ብዙዎች ወደ መተማ ተሰደዱ። ልዩነቱን አስተውሉ። የመጀመሪያው ዮሐንስ ተለይታችሁ ኑሩ ብለው ነበር የፈረዱት፤ እንደሙስሊም መኖርን አልከለከሉም። ሁለተኛው ግን ሙስሊም መሆኑን ራሱን ከለከሉ። መንገዱን የጠረገው ግን የመጀመሪያው ፍርድ ይመስለኛል፤ የሰው እምነት የችሎት ጉዳይ ከሆነ ወዲያ ቀጥሎ የሚፈረደው ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በራሳችን አቆጣጠር ልቁጠረው። በ1936 ዓ.ም. የቃዲ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቆሙ፤ ጋብቻና ውርስን የመሰለ ጉዳይ በሸሪዓ እንዲታይ መንግሥት ዕውቅና ሰጠ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የእምነት ነፃነትን በአንቀጽ 40 ጻፈ፤ በአንቀጽ 126 ደግሞ ኦርቶዶክስን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ አስቀመጠ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከመቶ ሺህ ያላነሰ ሰው፣ ብዙ ክርስቲያኖችም ጭምር፣ ወጥቶ የሙስሊሙን መብት ጠየቀ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች መባሉ ቀርቶ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንባል የሚል ነበር። ነዋሪና ባለአገር የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን የጎንደር ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት ሲታወጅ የርስት ነገር ከነሥሩ ተነቀለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለያየ፤ በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ደነገገ። በአንቀጽ 34 ስለ ጋብቻና ቤተሰብ የሚነሳ ክርክር በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ የሚችለው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ እንደሆነ ጻፈ።

ይህ የመጨረሻው አንቀጽ ወረቀት ላይ ብቻ እንዳልቀረ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ። የሕግ ተማሪዎች በክፍል ትማሩታላችሁ፤ ሌሎቻችን ግን ብዙም አንሰማውም። በአዲስ አበባ በአንድ ቤት ውርስ ምክንያት አንዲት ሙስሊም እህት በሸሪዓ ፍርድ ቤት ተከሰሰች። እዚያ መዳኘት እንደማትፈልግ ከመጀመሪያው አሳወቀች። ተቃውሞዋ አልተቀበላትም፤ ክርክሩ ቀጠለና ተፈረደባት። በሸሪዓ ፍርድ ቤቶቹ ይግባኝ ብትልም አልተሳካላትም፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም ስህተት አላየሁም አለ። ጉዳዩ በሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ በኩል ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀረበ፤ ምክር ቤቱ በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ስለሚቃረን ውጤት የለውም ብሎ ወሰነ።

አንዳንድ ወንድሞች ይህ ውሳኔ የሸሪዓ ፍርድ ቤትን ያዳከመ ይመስላቸዋል። በጀማዓችን ውስጥም ተከራክረንበታል፤ ክርክሩ እስከ ዒሻ ሶላት ዘልቆ ሳይቋጭ ቀርቷል። የእኔን ልናገር፦ አንዲት ሙስሊም ሴት ሙስሊም ስለሆነች ብቻ ሳትጠየቅ በአንድ ችሎት ፊት እንድትቆም መደረጓን እኔ ከ1668ቱ ፍርድ ለይቼ ማየት ያቅተኛል፤ ችሎቱ የእኛ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። ወዶ የመጣ ሰው ያለበት የሸሪዓ ችሎት ደግሞ ተጎትቶ የመጣ ሰው ካለበት የበለጠ ይከበራል። የማይስማማ እህት ወይም ወንድም ካለ ለሚቀጥለው ዕትም ይጻፍልን፤ አምዱ ክፍት ነው።

በጠዳ በኩል የምታልፉ ደግሞ በሚቀጥለው ጉዟችሁ ነቃ ብላችሁ በመስኮቱ ተመልከቱ። መጽሐፍ ይወዱ የነበሩት ንጉሥ ያረፉት እዚያ ነው።